ለታሳሪ የተላከ ስንቅ

በሚኒባስ ታክሲ መስታወት፣ በሱቅ በር፣ በሠርግ ጥሪ ካርድ ላይ ሳይቀር ደጋግመን የምናገኘው አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል አለ። የጎደለን ሁሉ በአምላክ ዘንድ መሙያ እንዳለው ተስፋ የሚሰጠው የፊልጵስዩስ መልእክት ምዕራፍ 4 ቁጥር 19 ነው። በየመድረኩ ይሰበካል፣ በየጸሎቱ ይነሳል። ቪዛ የሚጠብቅ ለቪዛው፣ ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበ ለዕጣው፣ ሥራ ያጣ ለሥራው ይይዘዋል። የተጨነቀ ሰው የተስፋ ቃል መያዙ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስወቅሰው አይደለም፤ በዚህ ከማንም ጋር ክርክር የለኝም። የሚያሳስበኝ ይህን ቃል ማን፣ የት ሆኖ፣ ለማን እንደጻፈው ሳይነገር መሰበኩ ነው። ይህ ካልተነገረ ቃሉ ትርጉሙን ይለውጣል፤ ሰሚውም የማይሰጠውን ነገር ከአምላክ ሲጠብቅ ይኖራል።

የጻፈው ታሳሪ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በሰንሰለት ታስሮ ሳለ ነው የጻፈው። እስር ቤቱ የት እንደነበር ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ ሮም ነው የሚለው ጥንታዊው አስተያየት ነው፣ ኤፌሶን ወይም ቂሣርያ የሚሉም አሉ። የሚያከራክር ያልሆነው ነገር ግን በዚያ ዘመን የሮም ሹማምንት ታሳሪን መቀለብ ግዴታቸው አድርገው እንደማይቆጥሩ ነው። ወዳጅ ዘመድ ምግብና ልብስ ካላቀበለው፣ ታሳሪ ፍርዱን ሳይሰማ ሊሞት ይችላል። ለጳውሎስ ስንቅ ያቀበለችው በመቄዶንያ ያለችው የፊልጵስዩስ ማኅበር ናት። ምእመናኑ አፍሮዲጡ የሚባል ሰው ከመካከላቸው መርጠው አዋጥተው ያገኙትን አስይዘው ላኩት። አፍሮዲጡ በዚሁ አገልግሎት ሳለ ታመመ። የዋዛ ሕመም አልነበረም፤ ለሞት ቀርቦ ነበር። ወሬው አገር ቤት ደርሶ ወገኖቹን አስጨነቀ፤ የእነሱ መጨነቅ ደግሞ እሱን አስጨነቀው። ጳውሎስ በምዕራፍ 2 መጨረሻ ላይ ይህ ሰው ነፍሱን ለአደጋ አጋልጦ እንዳገለገለው ይመሰክርለታል፤ ሲመለስም በደስታና በክብር እንዲቀበሉት አደራ ይላል። እንግዲህ በየታክሲው የተለጠፈው ጥቅስ ለመጣለት ስንቅ ከተጻፈ የምስጋና ደብዳቤ ላይ የተወሰደ ነው።

ዘመዱ የታሰረበት ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። ገና ሳይነጋ ተነስታ ወጥ የሠራች እናት፣ ሳህኑን በጨርቅ ቋጥራ፣ በፌስታል አንጠልጥላ፣ ታክሲ ቀይራ ከወህኒ ቤቱ በር ትደርሳለች። ሰልፍ ትይዛለች። ተራዋ ሲደርስ የታሳሪው ስም ይጠየቃል፤ ቋጠሮው ይፈታል፤ እንጀራው እየተገለጠ ይታያል። ከዚያ ጠባቂው «ቅመሺ» ይላታል። በእጇ የሠራችውን ምግብ ፊቱ ጎርሳ ታሳየዋለች። ምግቡ ደኅና ለመሆኑ ማረጋገጫው የእሷ ነፍስ ነው። ሳህኑ ይገባል፤ የትናንቱ ባዶ ሳህን ይወጣላታል። ባዶው ሳህን ልጇ በሕይወት እንዳለ፣ እንደበላም ይነግራታል። በቀይ ሽብር ዘመን «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» ተብለው ሳህናቸውን እንደያዙ የተመለሱ እናቶች ያ አባባል ምን ማለት እንደነበር ያውቁታል።

እስር ቤት ውስጥ ያለው ልጅ ያንን እንጀራ ሲቆርስ «እግዚአብሔር መገበኝ» ይላል፤ ትክክል ነው። በር ላይ የቆመችው እናት ደግሞ ከወር አስቤዛዋ ቀንሳ፣ ከሌሎቹ ልጆቿ ጉርሻ አጉድላ ነው ያመጣችው፤ ይህም ትክክል ነው። ለአንዱ መግቦት የሆነው ለሌላዋ መሥዋዕትነት ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው። በእግዚአብሔር አዘጋጅነት መታመንና መሥዋዕትነትን መቀበል ሁለት የተለያዩ ትምህርቶች አይደሉም። አንዱ የሚደርሰው በሌላው በኩል ነው። መጽሐፍ ቅዱስም፣ የአገራችን የክርስትና ታሪክም አንድ ላይ ይዘዋቸዋል። የዛሬው ስብከታችን ግን አለያይቷቸዋል፤ በመለያየታቸውም የሚጎዳው ድኻው ነው።

ጳውሎስ ደብዳቤውን ለባለጠጎች አልጻፈም። በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 8 ስለ መቄዶንያ ማኅበራት ሲናገር፣ ከከባድ ድህነታቸው አውጥተው፣ ከአቅማቸው በላይ፣ ማንም ሳያስገድዳቸው እንደሰጡ ይነግረናል። ከማሰሮው አሟጥጦ ለሰጠ ሰው «ነገ ምን ትበላለህ?» የሚለው ጥያቄ ቀልድ አይደለም። ጳውሎስ የመለሰው ለዚህ ጥያቄ ነው። ለእኔ ብላችሁ ያጎደላችሁትን አምላኬ ይሞላዋል እያላቸው ነው። ከዚያው ጥቅስ ጥቂት መስመሮች ከፍ ብሎ እሱ ራሱ መራብንም መጥገብንም፣ ማግኘትንም ማጣትንም እንደተማረ ይናገራል። ሁሉን እችላለሁ የሚለው ዝነኛ ቃሉም የተነገረው ስለዚሁ ነው። ቃሉን ለፈተናና ለእግር ኳስ ውድድር የምናውለው እኛ ነን፤ እሱ ግን ተርቦም እንዴት እንደሚኖር እየነገረን ነበር።

አሁን በከተሞቻችን የተስፋፋው «ዘር ዝሩ» የሚባለው ስብከት የሚሠራው በተቃራኒው ነው። ያለህን አምጣ፣ እጥፍ ሆኖ ይመለስልሃል ይላል። ስለ መስጠት ይነገራል፣ ግን መሥዋዕትነቱ ከውስጡ ወጥቷል፤ ብድር ሆኗል። ስለ መታመን ይነገራል፣ ግን የሚታመኑት አምላክን ሳይሆን ትርፉን ነው። ከሁሉ የሚከፋው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የቤት ኪራይዋን ሰጥታ ያልተመለሰላት ሴት «እምነትሽ ጎደሎ ነው» ትባላለች። ገንዘቧን በማጣቷ ላይ አምላኳንም እንድታጣ ይደረጋል። ይህን በቅርብ ያየ ሰው ነገሩን የትምህርተ ሃይማኖት ልዩነት ብቻ ብሎ ሊያልፈው አይችልም፤ በድኻ ላይ የሚሠራ ግፍ ነው።

ስለ ሰራፕታዋ መበለትም የሚሰበከው እንዲሁ በግማሹ ነው። አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 17ን ከላይ እስከ ታች ያነበበ ሰው ግን የተአምር ዜና ብቻ አያገኝበትም። ታሪኩ የሚጀምረው በድርቅ ነው። ኤልያስ ወደ ኮራት ወንዝ ይላካል፤ ቁራዎች ጠዋትና ማታ እንጀራና ሥጋ ያመላልሱለታል። ከዚያ ወንዙ ይደርቃል። እግዚአብሔር ራሱ የላከው ቦታ ነው፣ ሆኖም ደረቀ። የመግቦት ስብከቶቻችን ይህችን ቁጥር ለምን እንደሚዘሏት ይገባኛል፤ የማይደርቅ ወንዝ ለሚፈልግ ጉባኤ አትመችም። ግን ሥራው የቆመበት፣ ድጋፉ የተቋረጠበት ሰው ከሁሉ በፊት ሊሰማ የሚገባው እሷን ነው። የወንዙ መድረቅ የነቢዩ ኃጢአት ውጤት ነው የሚል ቃል በምዕራፉ የለም። ዝናብ ስላልዘነበ ደረቀ፤ በቃ።

ቀጥሎ ነቢዩ የተላከው ወደ ባለጠጋ ቤት አይደለም፣ ወደ እስራኤላዊ ቤትም አይደለም። በሲዶና ምድር ያለች፣ እፍኝ ዱቄትና ጥቂት ዘይት የቀራት፣ ያንን ጋግራ ከልጇ ጋር በልታ ለመሞት ጭራሮ የምትለቅም መበለት ዘንድ ነው። ጥያቄውም ያስደነግጣል፤ አስቀድመሽ ለእኔ ጋግሪ ይላታል። ጋገረችለት። ከዚያ በኋላ የሆነውን በጥንቃቄ እናንብብ። ማድጋው ሞልቶ ፈሰሰ አይልም። ዱቄቱ አላለቀም፣ ዘይቱ አልጎደለም ነው የሚለው። ሴትዮዋ ጎተራ አልሞላችም፤ በየማለዳው ማድጋው ሥር እጇን ስትሰድ የዕለቱን ታገኛለች። በምድረ በዳ የወረደው መናም ሕጉ ይኸው ነበር፤ ለነገ ያሳደረው ሰው ተልቶ አገኘው። ለምን ይሆን? የሚመስለኝ፣ የዓመቱን ቀለብ አንድ ጊዜ የተቀበለ ሰው በማግስቱ የሚያምነው ጎተራውን ስለሆነ ነው።

ታሪኩ በዚህም አያበቃም። ያ ሁሉ ከሆነ በኋላ የመበለቲቱ ልጅ ታሞ ሞተ። ተአምር በገባበት ቤት ሞትም ገባ። እናትየዋ በነቢዩ ላይ ጮኸች፤ ነቢዩም በአምላኩ ላይ ጮኸ። ልጁ መነሳቱን እናውቃለን፤ እሷ ግን ልጇን አቅፋ ስትጮኽ ይህን አታውቅም ነበር። አምላክ የመገበው ቤት ለቅሶ አያገኘውም የሚል ሰባኪ ይህን ምዕራፍ እስከ መጨረሻው አላነበበውም።

በአገራችን በመግቦት ላይ ተማምኖ መኖር ምን እንደሚመስል ለማየት የቆሎ ተማሪን ኑሮ ማሰብ ይበቃል። የአብነት ትምህርት ፈልጎ ከቀየው የወጣ ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ዱላውን ይዞ መንደር ለመንደር ይዞራል። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በየደጁ ይቆማል። ውሻ ያባርረዋል፤ ዝናብ ይመታዋል። የለመነውን ቁራሽ ወደ ጎጆው ወስዶ፣ ለደከመና ለታመመ ጓደኛው ያካፍላል፤ ማታ ቀለሙን ያጠናል። የዜማው፣ የቅኔው፣ የመጻሕፍት ትርጓሜው ትምህርት ለብዙ መቶ ዓመታት የቆየው በዚህ ሥርዓት ነው። የመንግሥት በጀት አልነበረውም። ቤተ ክርስቲያን ርስት በነበራት ዘመንም እንኳ የተማሪው ቀለብ በብዛት ከገበሬው ደጅ የሚወጣ ነበር።

ስለ ተማሪው መታመን ብዙ ተብሏል። ስለ ገበሬዋ ሚስት ግን ብዙም አይነገርም። ክረምት ሲገባ፣ ያለፈው ዓመት እህል አልቆ አዲሱ ሳይደርስ፣ ለልጆቿ የምታቃምሰው ባጣችበት ወር ጭምር ያ ድምፅ ከደጇ ይሰማል። ከመሶቡ ያለውን ትቆርሳለች። «ለሞተችው እናቴ» እያለች ትሰጣለች፤ ተማሪው የምን ትምህርት እንደሚማር እንኳ ላታውቅ ትችላለች። ሊቃውንቱን ያሳደገችው እሷ ናት። የአንድን ድጓ ቤት መምህር ሙያ ስናደንቅ፣ ከኋላው ከስንት ድኻ ቤት የወጣ ቁራሽ እንጀራ እንዳለ ብናስብ ስለ መግቦት የምናስተምረው ትምህርት ይቃና ነበር።

ከወላይታ የምናገኘው ምሳሌ ደግሞ መልሶ ወደ እስር ቤት ይወስደናል። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን መልእክተኞች ሶዶ አካባቢ መሥራት የጀመሩት በ1920 ዓ.ም. ነበር። ጣልያን አገሩን በያዘ ጊዜ፣ በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ለቀው እንዲወጡ ተደረገ። ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ ምእመናን ሃምሳ እንኳ አይሞሉም ነበር። በቋንቋቸው የነበራቸው ቅዱስ መጽሐፍ የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት ምንባቦች ብቻ ነው። ደመወዝ የሚከፈለው አገልጋይ አልነበራቸውም፤ ከውጭ የሚመጣ ገንዘብም አልነበረም። በሰው ሒሳብ ነገሩ እዚያው ማለቅ ነበረበት።

የሆነው ሌላ ነው። የወራሪው ሹማምንት መሪዎቹን እየሰበሰቡ አሠሩ፤ በአደባባይ አስገረፉ፤ ከግርፋቱ ብዛት የሞቱም ነበሩ። ታሪኩን የመዘገበው ሬይመንድ ዴቪስ እንደሚነግረን፣ ምእመናኑ ለታሰሩት ወንድሞቻቸው ስንቅ ከየገጠሩ ይጭኑ ነበር። የሚያመጡት ምግብ ወንድሞቻቸውን ብቻ ሳይሆን ጠያቂ ያልነበራቸውን ሌሎች እስረኞችም አበላ። ዘመድ ላልሆነ ሰው እንዲህ መድከም ያልተለመደ ስለነበር የአካባቢው ሰው ተገረመ፣ ጠየቀ፣ ወደ እነሱ መጣ። የጣልያን ወረራ አብቅቶ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ የተቀበሏቸው ምእመናን ወደ 10,000 እንደሚደርሱ ተገምቷል። በወንጌል ሥርጭት ጥናት ብዙዎች ይህን ታሪክ የሚያነሱት ለቁጥሩ ሲሉ ነው። እኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ስንቅ ተሸክመው የመጡትን ሰዎች አስባቸዋለሁ። ከታሳሪዎቹ አንዱ የበላው እነሱ ስለተራቡ ሳይሆን አይቀርም።

የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ መታመንንና መሥዋዕትነትን በአሳብም በሕይወትም አንድ ያደረጉ ሰው ናቸው። በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ ለውጭ ለጋሾች በጻፈችው ዝነኛ ደብዳቤ ውስጥ የእሳቸው አስተሳሰብ ጎልቶ ይታያል። ለጋሾቹ ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ለስብከትና ለምእመናን አገልግሎት ሲሆን ግን እጃቸው ያጥራል። ደብዳቤው ሰውን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ብቻ መርዳት አይቻልም፤ ሥጋው የሚራበውና ነፍሱ የምትጠማው ያው አንድ ሰው ነው የሚል ነበር። ይህ ማለት እንጀራን ከመንፈሳዊ ሕይወት ማውጣት አይቻልም ማለት ነው፤ መስቀሉንም ከእንጀራው መለየት አይቻልም።

ደርግ ሁለት ጊዜ አስሮ ፈታቸው። የታንዛንያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ መጠጊያ ሊሰጧቸው ፈቃደኛ ነበሩ፤ ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተዘጋጅቶ ነበር። ብዙዎቻችን «እግዚአብሔር በር ከፈተ» የምንለው እንዲህ ያለውን ነው፤ በር ከተከፈተልህ ግባ ነው የሚባለው። ቄስ ጉዲና ግን ምእመናን በመከራ ላይ ሳሉ እረኛ መንጋውን ጥሎ አይሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ምሽት፣ አዲስ አበባ ኡራኤል ከሚገኘው ጉባኤ ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። በዚያው ክረምት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገድለዋል። ከዚያ 43 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ አቡነ ጴጥሮስ ለወራሪው አልገዛም ብለው በጥይት ተደብድበው ወድቀዋል። የሁለቱን ሐምሌዎች ቀኖች ጎን ለጎን ሳያቸው፣ በመድረክ ላይ የሚነቋቆሩት ቤተ እምነቶች እንዲህ ባለው ሰዓት ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ይታየኛል።

የተከፈተ በር ሁሉ የመግቦት በር ነው ብሎ የሚያምን ሰው ቄስ ጉዲና ለምን እንደቀሩ አይገባውም። እሳቸው መኖራቸውን ለአምላክ ስለተዉት፣ ለራሳቸው ሕይወት መሟገት ግድ አልሆነባቸውም። መታመን የሚሰጠው ነፃነት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሚያገኙትን ከማብዛት ይልቅ የሚለቁትን መልቀቅ ያስችላል።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ግን ከዚያ ምሽት በኋላ ኖረዋል። በ1972 ዓ.ም. ታሰሩ፤ ተገረፉ፤ ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በእስር ቆዩ። ስለ ሰማዕታት ስንጽፍ የሞተውን እናከብራለን፤ ቀሪውን መሥዋዕትነት በየዕለቱ የምትከፍለውን ሴት እንረሳለን። ልጆች ያለ አባትም ያለ እናትም አድገዋል። እዚህ ላይ አንድ ፈተና አለ። መካነ ኢየሱስ በ1951 ዓ.ም. ስትቋቋም አባላቷ ወደ 20,000 ነበሩ፤ ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ እንደሆኑ ቤተ ክርስቲያኒቱ ትገልጻለች። «አየህ፣ ደማቸው አፈራ» ማለት ይቀላል። ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን ያ ቁጥር ለወይዘሮ ፀሐይ ባላቸውን አልመለሰላቸውም። መሥዋዕትን በኋላ በመጣ ፍሬ ማስላት ከጀመርን፣ ያው የ«ዘር ዝሩ» ስብከት በሌላ በር ገባ ማለት ነው።

ፍሬው በዓይን የማይታይ መሥዋዕትም አለና። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. አይ ኤስ የተባለው ቡድን በሊቢያ ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድል የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቀ። አገር በሙሉ አለቀሰ። ከነሱ መካከል ከአዲስ አበባ ጨርቆስ ሰፈር የወጡ ወጣቶች ነበሩ። እንጀራ ፍለጋ ነበር የሄዱት። በምድራዊ መለኪያ የጎደላቸው አልተሞላላቸውም፤ ባሕሩን ሊሻገሩ ቢነሱም አልተሻገሩም። እነዚህን ልጆች እግዚአብሔር አልመገባቸውም የሚል ክርስቲያን የለም፤ መገባቸው ሲባልም እናቶቻቸው ፊት ድምፅ ዝቅ ብሎ ነው የሚነገረው። የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 11 በእምነት ከሰይፍ ያመለጡትንና በእምነት በሰይፍ የወደቁትን በአንድ ዝርዝር ያስቀምጣቸዋል፤ የወደቁትን እምነታቸው ያነሰ ነበር አይላቸውም። «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» የሚለው አባባላችን ለብዙ ሐዘን መጽናኛ ሆኗል፤ ለነዚያ እናቶች ግን ድግሱ በዚህ ዓለም አልታየም። ሰባኪ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው።

ስለ መሥዋዕትነት ይህን ያህል ከተናገርኩ አንድ ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በሌላው ጫንቃ ላይ የሚጫን መሥዋዕት መሥዋዕት አይባልም። ባል ሚስቱን እየበደለ «መስቀልሽን ተሸከሚ» ሲላት፣ ቤተሰብ ሴት ልጁን ወደ ዐረብ አገር ልኮ ዓመት ሙሉ ደመወዟን ሲጠብቅ፣ የሕንጻ ኮሚቴ የቤት ሠራተኛዋን ቃል ሲያስገባ ባለሀብቱን በአክብሮት ሲያልፈው፣ ነገሩ ስሙ ሌላ ነው። ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ሁላችንም እናውቃታለን። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ከእሷ ታሪክ በፊት ያሉትን ቁጥሮች ግን ብዙ ሰባኪ አያነባቸውም፤ እዚያ ጌታ የመበለቶችን ቤት የሚበሉትን፣ ጸሎታቸውን የሚያስረዝሙትን መምህራን ይገሥጻል። ሴትዮዋን ያደነቀው ያለችውን ሁሉ ስለሰጠች ነው፤ ያለችው ሁለት ሳንቲም ብቻ እንድትሆን ያደረጓትን ሰዎች ግን አላደነቀም። አቡነ ጴጥሮስ በራሳቸው ነፍስ ወሰኑ፤ ቄስ ጉዲና በራሳቸው። ስለ መሥዋዕትነት የሚሰብክ ሰው ከራሱ ምን እንዳወጣ ቢጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በጦርነትና በግጭት ከቀያቸው የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ብዛት ሁላችንም የምናውቀው ነው። ከነዚህ ብዙዎቹ የተጠለሉት በድንኳን ሳይሆን በሰው ቤት ነው። ሁለት ክፍል ያላት ቤት ዐሥር ሰው አደረባት። የአንድ ቤተሰብ የወር ጤፍ በሁለት ሳምንት አለቀ፤ ዘይቱ ተቆጥቦ ተጨመረ፤ የልጆች ደብተር መግዣ ለእንግዶቹ ልጆች መድኃኒት ሆነ። የተጠለሉት እግዚአብሔር ሰው አዘጋጀልን ብለዋል። የቤቱ ባለቤቶች ደግሞ ማታ፣ እንግዳ ሲተኛ፣ «ነገስ ምን እናደርጋለን?» ተባብለዋል። ለእንግዶቹ እርዳታ ሲመጣ ለአስጠጊዎቹ የሚመዘገብላቸው የለም፤ ተፈናቃይ አይደሉማ። ቤተ ክርስቲያንም፣ የዕርዳታ ድርጅትም፣ ጎረቤትም ብዙ ጊዜ የማያያቸው እነዚህን ነው። የፊልጵስዩስ 4፥19 አድራሻ የእነሱ ቤት ነው። ጳውሎስ ያን ቃል የጻፈላቸው ሰዎች ያደረጉትን እነሱም አድርገውታል፤ ማድጋቸውም የጎደለው በዚያው ምክንያት ነው። ቃሉ ሲሰበክ ወደ እነሱ ደጅ የሚላክ ጤፍ አብሮት ሊሄድ ይገባል፤ የሚሸከመውም ሰው ከዚያው ከሚሰማው ጉባኤ መካከል ነው የሚገኘው።